የሠራተኞች ጉዳት ኢንሹራንስ ዕድሳት (ኮምቦልቻ)፦ የትኛውን ደመወዝ ነው የምናስመዘግበው? የቀን ሠራተኛውና የደሴው ሰርቪስስ?

ቦርከና_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የሠራተኞች ጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ ማደሻ ቅጹ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከመፈረሙ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢያየው ብዬ ነው።

ድርጅቱ ኮምቦልቻ ውስጥ የብረት በር፣ መስኮትና አልጋ ያመርታል። ቋሚ ሠራተኛ 84፣ ቤዚካቸው (ያለ አበልና ትርፍ ሰዓት ያለው ደመወዛቸው) በአማካይ 5,000 ብር። ሥራ ሲበዛ የሚገቡ የቀን ሠራተኞች በአማካይ 20፣ ቀኑ 250 ብር። ከቋሚዎቹ 38ቱ ደሴ አዳሪ ስለሆኑ ጠዋትና ማታ በሐረጎ ቁልቁለት የሚያመላልሳቸው በኮንትራት የያዝነው መኪና አለ።

ባለፈው ዓመት የተመዘገበው ዓመታዊ ደመወዝ 4,950,000 ብር ነው። ኩባንያው ያንኑ ቁጥር ሞልቶ «ለውጥ ካለ አሳውቁ» ብሎ ልኮታል። ጥያቄዎቼ፦

1. የሚመዘገበው ቤዚክ ነው ወይስ ከነትርፍ ሰዓቱና ከነአበሉ?
2. የቀን ሠራተኞቹ ስም በየሳምንቱ ይቀያየራል። እንዴት ይገባሉ?
3. በሰርቪስ መኪና ላይ የሚደርስ ጉዳት የሥራ ላይ ጉዳት ነው?
4. ባለቤቱ «ጡረታ 11 በመቶ እየከፈልን ሌላ ኢንሹራንስ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ዓዝዋ

ከ4ኛው ልነሳ፣ ሌሎቹ ከሱ ይመዘዛሉና።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ላይ ጉዳትን ያሸከመው ቀጣሪውን ነው፤ ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም (አንቀጽ 96)። «ማሽኑ ደህና ነበር፣ ጓንትም ሰጥተናል» ማለት ብቻውን አያድንም። የሚያድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። ሕጉ እዚያ ውስጥ የሚከታቸው ቀጣሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ፣ የአደጋ መከላከያ ደንብ መተላለፍ፣ ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት የመሳሰሉትን ነው። «በግልጽ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም በሉ። በቃል የተነገረ መመሪያ ጉዳት ከደረሰ በኋላ አልተነገረም ይባላል።

ሸክሙ በገንዘብ ሲታይ እንዲህ ነው። የወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ በያጅ ተጎዳ እንበል።

መጀመሪያ ሕክምናው አለ። ምርመራ፣ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ አልጋ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካል፣ ሁሉም የቀጣሪው ነው። ሕክምናው የሚቆመው በሕክምና ቦርድ ውሳኔ ነው፣ የኢንሹራንሱ የሕክምና ጣሪያ ስላለቀ አይቆምም። ፖሊሲያችሁ ላይ በሰው ስንት ብር የሕክምና ወጪ እንደተጻፈ አሁኑኑ ገልጣችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ለስብራት አንድ ቀዶ ሕክምና እንኳ አይበቃም፣ ከዚያ በላይ ያለው ከካዝናችሁ ይወጣል።

ቀጥሎ ሥራ እስኪመለስ የሚከፈለው፣ እስከ አንድ ዓመት (አንቀጽ 108)። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ 18,000 ብር። ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ 13,500። የቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ፣ 18,000። ዓመቱን ሙሉ ካልተመለሰ 49,500 ብር ሆነ።

ከዚያ ዘላቂ ጉዳት ከቀረ ካሳው ይመጣል። ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ካደረገው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው፤ 72,000 ሲባዛ በ5፣ 360,000 ብር። ከፊል ከሆነ ቦርዱ በሰጠው መቶኛ ይሰላል፤ 30 በመቶ ቢል 108,000። ከሞተ ደግሞ ለጥገኞች የሚከፈለው የዚያው የ5 ዓመት ደመወዝ ሆኖ ግማሹ ለትዳር ጓደኛ፣ ለእያንዳንዱ ከ18 ዓመት በታች ልጅ 10 በመቶ፣ ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ይከፋፈላል። ከሁለት ወር ደመወዝ የማያንስ የቀብር ወጪም አለ።

አሁን ወደ ጡረታው። በአዋጅ 1268/2014 ቀጣሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት የጉዳት ጡረታ አበልና የጉዳት ዳረጎት (የአንድ ጊዜ ክፍያ) የሚባሉትን ይዟል፣ ይህ ልክ ነው። ጡረታው ግን የሆስፒታል ሂሳብ አይከፍልም፣ ሠራተኛው ቤቱ ተኝቶ ሳለ የሚገባውን የወር ደመወዝም አይከፍልም። ሁለቱ በምንም መልኩ ከቀጣሪው አይወርዱም። ለባለቤቱ ይህንን ብቻ በወረቀት አሳዩአቸው፣ ይበቃል።

ሰኞ_ገበያ

እኔ ደግሞ ጡረታ ያለው ሠራተኛ ካሳውን ከጡረታ ነው የሚወስደው ባይ ነኝ። ድርብ ክፍያ የለም። ኢንሹራንሱ ለቀን ሠራተኛ ብቻ ቢገባ ወጪው ከግማሽ በላይ ይቀንሳል።

ዓዝዋ

ሰኞ_ገበያ፣ የአንድ ጊዜ ካሳው ላይ ክርክር ይነሳል፣ እሱን አልክድም። ክርክሩ ግን ፍርድ ቤት ገብቶ የሚያልቅ ነው። ቀጣሪው ክርክሩን ሲያካሂድ ጠበቃ የሚከፍለው ማነው? ኢንሹራንስ ካለ ፖሊሲው ውስጥ የመከላከያ ወጪ እንዲካተት ማድረግ ይቻላል። ከሌለ 360,000 ብሩም ጠበቃውም አንድ ኪስ ላይ ይወድቃሉ። ቋሚዎቹን አውጥቶ የቀን ሠራተኛ ብቻ ማስገባት ደግሞ ፕሬስና ግራይንደር (ብረት መጫኛና መቁረጫ ማሽን) ላይ የሚቆሙትን አውጥቶ ብረት የሚያራግፉትን ማስገባት ነው። አደጋው ያለው ማሽኑ ላይ ነው።

ፔሮል_ፒያሳ

ወደ 1ኛውና 2ኛው ጥያቄ ልግባ። ከሁሉ በፊት ግን 4,950,000 ብሩን አትፈርሙበት።

ሂሳባችሁን በራሳችሁ ቁጥር ልሥራው። 84 ሰው በ5,000 በወር 420,000፣ በዓመት 5,040,000። የቀን ሠራተኛ 20 ሰው፣ 250 ብር፣ በወር 26 ቀን፣ 12 ወር፣ 1,560,000። ድምር 6,600,000 ብር። ጳጉሜን የምትሠሩ ከሆነ 20 ሰው በ250 ለ5 ቀን ሌላ 25,000 ይጨመራል። ወርኃዊ ደመወዝተኛው ጳጉሜን አይከፈለውም፣ ቀን ሠራተኛው ግን ይከፈለዋል፤ ቅጹ ላይ በ12 ማባዛት የለመደ ሰው ሁልጊዜ የሚረሳት ይህችን ነው።

4,950,000 ለ6,600,000 ሲካፈል 75 በመቶ ነው። ፖሊሲው የተመጣጣኝነት አንቀጽ (ካሳው በተመዘገበው ደመወዝ ልክ ይከፈል የሚል) ካለው ኩባንያው የሚከፍለው የካሳውን 75 በመቶ ብቻ ነው። ዓዝዋ ካነሳው ምሳሌ 108,000 ብሩ 81,000 ይሆንና 27,000ው ከድርጅቱ ይወጣል። የተቆጠበው አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ዋጋ) ስንት ነበር? ለስሌት ያህል አረቦኑ 1 በመቶ ቢሆን ያልተመዘገበው 1,650,000 ብር የሚያስጨምረው 16,500 ብር ብቻ ነው። አንድ ጉዳት ብቻ ከዚያ በላይ በላው።

ቤዚክ ወይስ ጠቅላላ ለሚለው፣ አዋጁ አንቀጽ 53 ላይ «ደመወዝ» የሚለው የትርፍ ሰዓት፣ የውሎ አበል፣ የትራንስፖርት፣ የችግር አበል፣ ቦነስና ኮሚሽን አይቆጥርም። ስለዚህ የአዋጁ ካሳ የሚሰላው በቤዚኩ ነው። አንዳንዱ ኩባንያ ቅጽ ላይ ግን «ጠቅላላ ዓመታዊ ክፍያ» ይላል። አረቦን በጠቅላላ ከፍላችሁ ክሌሙ (የካሳ ጥያቄው) በቤዚክ ከተሰላባችሁ ኪሳራ ነው፤ በቤዚክ ከፍላችሁ ሠራተኛው በኅብረት ስምምነት ከቤዚክ በላይ ካሳ የሚገባው ከሆነም ክፍተት አለ። ፖሊሲው ላይ «ደመወዝ ማለት» የሚል ትርጉም በአንድ መስመር እንዲገባ ጠይቁ። ይጽፉላችኋል፣ ከባድ ነገር አይደለም።

ለቀን ሠራተኞቹ ስም ማስመዝገብ አያስፈልግም። «በስም ያልተዘረዘሩ ቀን ሠራተኞች፣ በማንኛውም ጊዜ እስከ 30 ሰው» ተብሎ በብዛትና በጠቅላላ ክፍያ ይገባል። 20 አትበሉ፣ ጭነት የሚራገፍበት ቀን 28 ሰው ግቢ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በምላሹ ኩባንያው የሚፈልግባችሁ ማስረጃ በየቀኑ የተሞላ የሰዓት መቆጣጠሪያ ነው፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የገባበት ሰዓት፣ የሠራበት ቦታ፣ ፊርማ ወይም አሻራ። ማታ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ወረቀት ክሌም ላይ አይቆምም። አያያዙ ያስታውቃል።

የግል ብየዳ ሠሪ በራሱ መሣሪያ መጥቶ ሥራውን በኮንትራት ሠርቶ የሚሄድ ከሆነ ሠራተኛችሁ አይደለም። ክፍያውን ከቀን ሠራተኞቹ ዝርዝር ውስጥ አትቀላቅሉት። ከተቀላቀለ ግን እሱም «ሠራተኛ ነበርኩ» የሚልበት ማስረጃ በገዛ እጃችሁ ሰጣችሁት።

ዋናው ነገር ግን የሚከተለው ነው። ሦስት ዝርዝሮች አሉ፦ ፔሮሉ፣ የጡረታ መዋጮ ዝርዝሩና ለኢንሹራንሱ የተላከው። ሦስቱ ካልተመሳሰሉ ክሌሙ ይንጠለጠላል። ወሎ ላይ ደግሞ ስም ራሱ ወጥመድ ነው፤ ፔሮሉ ላይ «ሰይድ መሀመድ»፣ የሆስፒታል ካርዱ ላይ «ሰኢድ ሙሐመድ»፣ መታወቂያው ላይ ሌላ። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰይድ መሀመድ ይኖራል። አያት ስምና ቲን ሦስቱም ዝርዝር ላይ ይግባ፣ የፋይዳ ቁጥር ያለው ደግሞ እሱም ይጨመር። አጻጻፉ መታወቂያው ላይ እንዳለው አንድ ጊዜ ይስተካከል።

ሐረጎ_ጠመዝማዛ

3ኛው ላይ፦ አዎ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። አንቀጽ 97 ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጋራ አገልግሎት ባቀረበው መኪና፣ ወይም ለዚሁ ሲል በተከራየው መኪና ወደ ሥራ ሲሄድም ሲመለስም የሚደርስን ጉዳት ይጨምራል። የእናንተ የኮንትራት መኪና እዚህ ውስጥ ይወድቃል። የትራንስፖርት አበል ወስዶ በራሱ በታክሲ የሚመጣው ግን በዚህ ነጥብ አይሸፈንም።

ሰርቪስ ላይ የሚያስፈራው የአንድ አደጋ ጣሪያ ነው፣ ማለትም ኩባንያው ለአንድ አደጋ በጠቅላላ የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን። 38 ሰው፣ የእያንዳንዱ ዓመታዊ ደመወዝ 60,000፣ በ5 ሲባዛ 300,000። መኪናው ሞልቶ ሐረጎ ላይ ቢወድቅ፣ አላህ አያምጣው፣ የአዋጁ ግዴታ እስከ 11,400,000 ብር ይደርሳል። ፖሊሲው «በአንድ አደጋ እስከ 3,000,000» የሚል ከሆነ የ10 ሰው ነው። የሰው ጣሪያውን አይቶ የአደጋ ጣሪያውን የማያይ ብዙ ነው፣ ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚጻፉት።

ከመኪናው ባለቤት ጋር ያላችሁ ውል ውስጥ አራት ነገር ይግባ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ኮፒና የሚያበቃበት ቀን፣ የመንገደኛ ሽፋን መኖሩ፣ የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ ከመኪናው ጋር መመጣጠኑ፣ ከወንበር በላይ እንዳይጫን። ቅዳሜ ማታ ገበያ የሚወርድ ዘመድ ጎን ላይ ይሳፈራል፣ ይህም ይከልከል። የጧት ጉም ባለበት ወራት ከደሴ የመነሻ ሰዓቱን በ15 ደቂቃ ማስቀደም ሾፌሩ ቁልቁለቱን እንዳይሮጥ ያደርጋል። ገንዘብ አያስወጣም።

ጦሳ_ግርጌ

ክሌም ሲቀርብ ምን ላይ እንደሚወድቅ ልጨምር፣ ፖሊሲ ገዝቶ መቀመጥ በቂ ስላልሆነ።

ሰዓት። የድርጅቱ የአደጋ ቅጽ «4፡30» ይላል፣ የሐኪሙ ወረቀት በፈረንጅ ሰዓት «10፡30» ይላል። አዲስ አበባ ያለ የክሌም ሠራተኛ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ 4፡30ን ከሰዓት በኋላ፣ 10፡30ን ማታ አድርጎ ይወስድና «ታካሚው ከአደጋው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ለምን ቀረበ?» የሚል ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው መጥቶ ተመልሶ እስኪሄድ ወር ያልፋል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ «ከጠዋቱ 4፡30፣ በፈረንጅ 10፡30»። ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፉ።

ቀን። ፖሊሲው በፈረንጅ፣ በጀታችሁ በኢትዮጵያ ነው። የድሮው ጁን 30 ካበቃ ያ ሰኔ 23 ነው። አዲሱን «ከሐምሌ 1» ብላችሁ ካዘዛችሁ ያ ጁላይ 8 ነው። መሐል 7 ቀን ባዶ ቀረ። በነዚያ 7 ቀናት የተቆረጠ ጣት የድርጅቱ ነው። አረቦኑ ሳይከፈል ደግሞ ሽፋን አይጀምርም፣ ቼኩ ፊርማ ላይ እየተንከራተተ «ታድሷል» አትበሉ፤ ደረሰኙን እዩ።

የሕመም ፈቃድ። ይህን ስህተት የሰው ኃይል ክፍል በተደጋጋሚ ይሠራዋል። ተጎጂው ሲቀር ሲስተሙ ላይ «ሲክ ሊቭ» ተብሎ ይገባል። ተራ ሕመም አንድ ወር ሙሉ፣ ሁለት ወር ግማሽ፣ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። የሥራ ላይ ጉዳት 3 ወር ሙሉ፣ 3 ወር ከ75 ያላነሰ፣ 6 ወር ከ50 ያላነሰ ነው። በ6,000 ብር ደመወዝተኛ ላይ ሁለቱን አስተያዩ፤ በተራ ሕመም የስድስት ወሩ ድምር 12,000፣ በሥራ ላይ ጉዳት 31,500። ልዩነቱ 19,500 ብር ለሠራተኛው የተነፈገ ነው። ከዚያም ኢንሹራንሱ «ፔሮላችሁ ራሱ ሕመም ነው ይላል» ብሎ ይመልሰዋል። ሲስተሙ ውስጥ የተለየ ኮድ ክፈቱለት።

ቅደም ተከተሉን ባጭሩ፦ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ከዚያ በአስቸኳይ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም፣ ከባድ ከሆነ ሪፈር ተጽፎ ደሴ ሆስፒታል። በዚያው ቀን የአደጋ መዝገብ ላይ መጻፍ፣ ሁለት የዓይን ምስክር ማስፈረም፣ ማሽኑን ሳይነኩ ፎቶ ማንሳት። ለከተማው ሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ማሳወቅ፤ ይህ በሕግ የቀጣሪው ግዴታ ነው። ለኢንሹራንሱም ፖሊሲው በሚለው ቀን ውስጥ በጽሑፍ፣ በስልክ ብቻ አይደለም፣ ኮፒያችሁ ላይ ማኅተም አስመቱ። ደረሰኝ ሁሉ በድርጅቱ ስም ሳይሆን በታካሚው ስም፣ የማዘዣው ወረቀት አብሮ ተያይዞ። መድኃኒት ቤት የተሰጠ ደረሰኝ ያለ ማዘዣ ብዙ ጊዜ ይጣላል።

የቦርዱ ወረቀት ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሕጉ ቦርዱ መጠኑን በተቻለ መጠን ከጉዳቱ በ12 ወር ውስጥ እንዲወስን ይላል። ቁስሉ ሳይረጋ ተቻኩሎ የተላከ ሰው «ከ3 ወር በኋላ ይመለስ» ይባላል። ደብዳቤው ላይ «የጉዳት መጠን በመቶኛ እንዲገለጽልን» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። «ቀላል ሥራ ይሰጠው» ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ አለ፤ እሱ ለኢንሹራንስ ምንም አይነግረውም።

ቦርከና_ዳር

እጅግ አመሰግናለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሁለት ተጨማሪ። አንደኛ፣ ግራይንደር ላይ መከለያውን ነቅለው ይሠራሉ፣ ስንነግራቸው ይገጥሙትና ዞር ስንል ይነቅሉታል። በዚህ የተጎዳ ይሸፈናል? ሁለተኛ፣ ባለቤቱ የሕክምና ጥቅማጥቅም ለሁሉም ሠራተኛ ለመጀመር አስበዋል፤ በየወሩ 300 ብር ከደመወዙ ጋር ቢሰጥ ከግብር ነፃ ነው?

ዓዝዋ

መጀመሪያ ለምን እንደሚነቅሉት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ትንሿን የ115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር ይዘው ትልቁን የ230 ዲስክ ለማሰር ነው፣ መከለያው አያስገባማ። ትንሿ ማሽን በደቂቃ 11,000 ዙር አካባቢ ትሽከረከራለች። ትልቁ ዲስክ የሚችለው፣ ላዩ ላይ እንደተጻፈው፣ ወደ 6,600 ዙር ነው። ስለዚህ ዲስኩ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ይበተናል፣ ስብርባሪውም መከለያው በነበረበት በኩል ወደ ፊት ይመጣል። ትልቁን ማሽን ካልገዛችሁላቸው መንቀላቸውን አያቆሙም። ይህ የዲሲፕሊን ጉዳይ ሳይሆን የዕቃ ግዢ ጉዳይ ነው።

ሽፋኑን በተመለከተ፣ በግልጽ የተሰጠ መመሪያ መኖሩን ካላሳያችሁ ጉዳቱ የናንተ ነው፤ ኢንሹራንሱ ደግሞ «ጥንቃቄ አላደረጋችሁም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። በሁለቱም በኩል ተያዛችሁ ማለት ነው። በአማርኛ አንድ ገጽ መመሪያ፣ እያንዳንዱ በያጅ የፈረመበት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ በየወሩ ማን መከለያ ነቅሎ እንደተገኘና ምን እርምጃ እንደተወሰደ የሚያሳይ መዝገብ። ማስጠንቀቂያ የማይጻፍበት መመሪያ ፍርድ ቤት ላይ ጌጥ ነው የሚባለው። መነጽሩ፣ የፊት መከለያው፣ ጫማው በድርጅቱ ወጪ ይገዛል፤ ከሠራተኛው ደመወዝ እንዳይቆረጥ።

የጆሮና የሳንባ ጉዳይም እንዳይረሳ። የፕሬስ ድምፅና የብየዳ ጭስ በዓመታት የሚያመጡት ጉዳት በአዋጁ የሙያ በሽታ ነው፣ ግዴታውም እንደ አደጋው ነው። ፖሊሲያችሁ «ድንገተኛ አደጋ» ብቻ የሚል ከሆነ ይህ ውጭ ቀረ። በተጨማሪ ውል እንዲገባ ጠይቁ። አዲስ ሲቀጠሩ የመስማትና የሳንባ ምርመራ አድርጉ፣ ያለዚያ ከሌላ ግቢ ይዞት የመጣውም የናንተ ይሆናል። ውጤቱን ግን የሰው ኃይል ቢሮ ክፍት ፋይል ውስጥ አታስቀምጡት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ በተለየ ጥንቃቄ የሚያዝ ነው።

ፔሮል_ፒያሳ

የ300 ብሯ መልስ አይደለም ነው። በየወሩ በጥሬው የሚሰጥ «የሕክምና አበል» ደመወዝ ነው፣ ግብር ይያዝበታል። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ነፃ የሚሆነው ቀጣሪው ለሠራተኛው ሕክምና የከፈለው ትክክለኛ ወጪ ነው፤ ማለትም ከጤና ተቋም ጋር ውል ገብታችሁ በቀጥታ የምትከፍሉት፣ ወይም በደረሰኝ የምትመልሱት። ኮምቦልቻ አንድ፣ ደሴ አንድ ክሊኒክ ያዙ፤ 38ቱ ደሴ ስለሚያድሩ ማታ ልጃቸው ቢታመም ኮምቦልቻ አይወርዱም።

ደመወዝ መጨመር ካሰቡ ደግሞ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሚሠራው አዲሱ የደመወዝ ግብር ሰንጠረዥ አስሉት (አዋጅ 1395/2017)። እስከ 2,000 ብር ነፃ፣ እስከ 4,000 በ15፣ እስከ 7,000 በ20፣ እስከ 10,000 በ25፣ እስከ 14,000 በ30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ። በአቋራጭ ለማስላት ለ5,000 ብር፦ በ20 በመቶ 1,000፣ የዚያ ደረጃ ቋሚ ተቀናሽ 500፣ ግብሩ 500። ጡረታ 7 በመቶ 350። እጁ ላይ 4,150 ይደርሰዋል። ድርጅቱ ደግሞ 550 ብር ጡረታ ይጨምራል። ባለቤቱ የሚያስቡትን 300 ብር በደመወዝ ቢሰጡት ከሱ ላይ 60 ግብር፣ 21 ጡረታ ይሄድና 219 ይደርሰዋል፣ ለድርጅቱ ግን 333 ይወጣበታል። በክሊኒክ ውል ግን 300ው 300 ሆኖ ይደርሳል። ማኑፋክቸሪንግ ስለሆናችሁ በግቢ ውስጥ በነፃ የሚቀርብ ምግብም በመመሪያው ገደብ ውስጥ ከግብር ነፃ ነው፤ ምሳ ማብላት ካሰባችሁ እሱንም አወዳድሩት።

ደመወዝ ጨመራችሁም ሰው ቀጠራችሁም፣ ዓመቱ እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ለኢንሹራንሱ በደብዳቤ አሳውቃችሁ ተጨማሪ ውል አስጽፉ። 500 ብር ለ84 ሰው በዓመት 504,000 ብር ነው፣ ያች ብቻዋን ቅድም ያስተካከልነውን ቁጥር መልሳ ታዛባዋለች።

ጦሳ_ግርጌ

አንድ የረሳሁት። ፖሊሲው ሲመጣ የማይሸፍናቸውን ዝርዝር አንብቡ፣ በተለይ ጦርነትና ሁከት የሚለውን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ የሆነውን የማያውቅ የለም፤ ተራ የሠራተኛ ጉዳት ፖሊሲ ያንን አይሸፍንም፣ የፖለቲካ ሁከት ሽፋን ለብቻው ይጠየቃል፣ ዋጋውም ለብቻው ነው። ግቢ ውስጥ ለሚያድሩት ጥበቃዎች ብቻ እንኳ ዋጋ አስወጡ። ጥበቃዎቹ ከኤጀንሲ የመጡ ከሆነ ደግሞ ቀጣሪያቸው ኤጀንሲው ነው፤ የኤጀንሲውን ፖሊሲ ኮፒና ያልተቋረጠ መሆኑን የሚያሳየውን ደረሰኝ የወሩ ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ተቀበሉ።

ቦርከና_ዳር

ቅጹን በ6,625,000 ሞልቼዋለሁ፣ የቀን ሠራተኛውን «እስከ 30 ሰው» ብዬ። የአንድ አደጋ ጣሪያው 2,500,000 ሆኖ ተገኘ፤ እሱን ከፍ ለማድረግ ከሁለት ኩባንያ ፕሮፎርማ ጠይቄያለሁ። የድሮው የሚያበቃው ጁን 30 ነው፣ አዲሱ ከሰኔ 24 እንዲጀምር ተጽፏል።